ወደ ደብረ ሊባኖስ የሦስት ቀን ጉዞ፤ ስለ ጋብቻ ቃል ኪዳን ለማሰብ

ሰው ከቤቱ ተነሥቶ መንገድ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። ነጋዴ ትርፍ ፍለጋ ይሄዳል፤ ሹም ለሥራ ትእዛዝ፥ ሕመምተኛ ለጸበል፥ ባለ ጉዳይ ለአቤቱታ ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ መንገድ ደግሞ አለ፤ እርሱም ሰው ከራሱ ጋራ ለመማከር ብቻውን የሚሄደው ነው። አባቶቻችን ይህን ሱባኤ ይሉታል። ሱባኤ የሚገባ ሰው ከቤተ ሰቡና ከሥራው ለተቈጠሩ ቀኖች ተለይቶ በጾምና በጸሎት ይቆያል፤ ቀኑ ሲፈጸም ተመልሶ ወደ ነበረበት ይገባል። ምናኔ ግን ከዚህ ልዩ ነው፤ የመነነ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለመንገደኛው ብቻ ሳይሆን ቤት ሆነው ለሚጠብቁትም ይበጃል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በጋብቻ ነገር የሚያመነታ ሰው መብዛቱ ነው። ያላገባው ላግባ ወይስ ልቅር ይላል፤ ያጨው የሠርጉን ቀን ያራዝማል፤ ያገባውም ቢሆን ጋብቻዬን በቍርባን ላጽና ወይስ እንዲሁ ልኑር እያለ ዓመት በዓመት ላይ ይጨምራል። ዘመድ ሲጠይቀው ያፍራል፤ ሽማግሌ ሲመክረው ይሰማና ይረሳል። እንዲህ ላለው ሰው ብቻውን መንገድ መሄድ ይጠቅመዋልን? ወይስ ሽሽት ይሆንበታል? እኔም በዚሁ ጉዳይ ሦስት ቀን ተጉዤ ስለ ነበረ፥ የሄድሁበትን አገርና ያሰብሁትን አሳብ በቅደም ተከተሉ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ጉዳዩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። በሽማግሌና በምስክር ፊት ውል ተደርጎ የሚጸና፥ ባልና ሚስቱ ባይስማሙ ግን በሽማግሌ የሚፈርስ የሰማንያ ጋብቻ ነበረ። ከዚህ በላይ ደግሞ ባልና ሚስት ሥጋውን ደሙን ተቀብለው አንድ የሚሆኑበት የቍርባን ጋብቻ አለ። ለደናግል ተክሊል ይደረግላቸዋል፤ አብረው ለኖሩት ግን ንስሓ ገብተው የመዓስባን ጸሎት ተደርሶላቸው ይቈርባሉ። በዚህ ሥርዓት የተጋባ ሰው ለመለየት መንገዱ ጠባብ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል አሳል በግብፅ አገር በዓረብኛ ያጠናቀረው፥ ኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ መታጨትና ስለ ጋብቻ ሲናገር፥ አስቀድሞ የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፍችውን ግን እንደ ዝሙት ላለ ከባድ ምክንያት ካልሆነ በቀር አይፈቅድም።

የመንግሥት ሕግ በበኩሉ ሌላ መንገድ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በኋላም በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ይቀበላሉ። ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም የሚፈርስበት ሕግ አንድ ነው። በቀድሞው ሕግ ፍችን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በ1992 ዓ.ም. ግን ሥልጣኑ ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። ባልና ሚስቱ ተስማምተው ፍች ቢጠይቁ፥ ዳኛው እንደገና እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ድረስ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ ከዚህ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። በቍርባን የተጋቡትም፥ በክብር መዝገብ የተጋቡትም፥ በሽማግሌ የተጋቡትም ሲለያዩ መዝገባቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ቍጥሩና ማኅተሙም አንድ ነው። እንግዲህ ቍርባንን የሚጠብቀው ዳኛ አይደለም። ፖሊስም አያስከብረውም። የሚያስከብሩት የተጋቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው የሚጠብቅልንን ነገር በቀላሉ እንፈርማለን፤ ራሳችን ብቻ የምንጠብቀውን ግን እናመነታበታለን።

እኔና ባለቤቴ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ፈርመን ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል፤ አንዲት ልጅም አለችን። በአንድ የፋሲካ ሰሞን ማታ፥ ልጅቱ ከተኛች በኋላ፥ ባለቤቴ ከእኔ ጋራ መቍረብ እንደምትፈልግ በግልጥ ነገረችኝ። ልመና አልነበረም፥ ቍጣም አልነበረም። «ሰው ቢጠይቀኝ ባሌ ነው እላለሁ፤ ለነፍስ አባቴ ግን የምለው አጣሁ» አለች። እኔም በቶሎ የምመልሰው ቃል አላገኘሁም፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ነገሩ በመካከላችን ሳይነሣ ቆየ።

የማመንታቴ ሥር ሩቅ ነበር። አባቴና እናቴ በሽማግሌ ተጋብተው በሽማግሌ ተፋቱ። ሽማግሌዎቹ ፍርድ አላጐደሉም፤ ከብቱ እኩል ተከፈለ፥ የቤቱ ዕቃም እኩል ተከፈለ። እኔ ግን የማልከፈል ስለ ሆንሁ ወደ አጎቴ ዘንድ ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ተላክሁ፤ ኋላም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበለኝ። በአንደኛው ቤት ጋብቻ ምሥጢር ነው ተባልሁ፤ በሁለተኛው ቤት ጋብቻ በጉባኤ ፊት የሚነገር ቃል ኪዳን ነው ተባልሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ዳሩ ግን ከልጅነቴ ያየሁት ጋብቻ የሚፈርስ ነገር መሆኑን ነው፤ የሚፈርስ ነገር ደግሞ እንዳይጐዳኝ በሩ ገርበብ ብሎ መቆየት አለበት የሚል አሳብ በውስጤ ነበረ።

በጥቅምት ወር የዓመት ፈቃድ ስለ ደረሰኝ ወደ ደብረ ሊባኖስ እንደምሄድ ለባለቤቴ ነገርኋት። እርሷም ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጥራ ሰጠችኝና «ለስንት ቀን ነው?» አለችኝ። ሦስት ቀን አልኋት። «እንግዲያስ ሂድና አስብ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ቃል ይዘህ ና» አለችኝ። ይህ ቀጠሮ ከሰጠችኝ ስንቅ ሁሉ የበለጠ እንደ ሆነ የተረዳሁት በመንገድ ላይ ነው።

ከመነሣቴም በፊት ለራሴ አንድ ሥርዓት አወጣሁ። በፍርድ ቤት ተከሳሽ ሳይጠራና መልሱን ሳይሰጥ ነገሩ አይቈረጥም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ በልቡ ችሎት ይዘረጋና እርሱ ከሳሽ፥ እርሱ ምስክር፥ እርሱ ዳኛ ሆኖ፥ ቤት የቀረችውን ሚስቱን መልስ በማትሰጥበት ቦታ ሊከሳት ይችላል። የወጥ ጨው መብዛቱም፥ የተናገረችው አንድ ክፉ ቃልም በመንገድ ላይ እንደ ትልቅ ክስ ይመዘገባል። ስለዚህ በሦስቱ ቀን የእርሷን ነገር ላልመረምር፥ የራሴን ፍርሃት ብቻ ልመረምር ወሰንሁ።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ መጀመሪያ የእንጦጦን ተራራ በባሕር ዛፍ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ከዚሁ ተራራ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እዚያ ሳልፍ የምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ጋብቻ ትዝ አለኝ። ምኒልክም አስቀድመው አግብተው ነበር፤ ጣይቱም አስቀድመው ከአንድ ጊዜ በላይ ባል አግብተው ነበር። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በአንኮበር ሲቈርቡ ሁለቱም የጋብቻን መፍረስ በራሳቸው የሚያውቁ ጎልማሶች ነበሩ እንጂ ሳያውቁ የገቡ ልጆች አልነበሩም። ልጅ ሳይወልዱ፥ በዓድዋ ዘመቻም በሕመምም ጊዜ ሳይለያዩ ኖሩ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በዚያ እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 1910 ዓ.ም. ድረስ ተቀመጡ። መፍረስን ማወቅ ለመጽናት እንቅፋት እንደማይሆን ከዚህ ይታያል።

ተራራውን አልፎ ወደ ሱሉልታ ሲወርዱ አገሩ ሰፊ ሜዳ ነው። በጥቅምት ወር ክረምቱ ያበቀለው ሣር ቢጫ ሆኖ ይታጨዳል፤ ድርቆሹም በየማሳው ተከምሮ ይታያል። ከጫንጮ ወደ ሙከ ጡሪ ሲሄዱ የጤፉና የስንዴው አዝመራ ወዲያና ወዲህ ተዘርግቶ ዓይንን ደስ ያሰኛል። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ነጭ ነጠላ የለበሱ፥ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በጕልበታቸው ላይ የያዙ አንዲት አሮጊት ከጎኔ ነበሩ።

«እናቴ፥ ለጸበል ነውን?» አልኋቸው።

«አዎን ልጄ፤ ለባለቤቴ ነው። አልጋ ላይ ከዋለ አራተኛ ዓመቱ ነው። እርሱ መምጣት ስለማይችል እኔ እወስድለታለሁ» አሉኝ።

ዛሬውኑ ይመለሱ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «የጎረቤት ልጅ አጠገቡ ትታለች፤ ማታ እመጣለሁ ብየዋለሁ። ብዘገይ መኪና ገለበጣት ብሎ ይጨነቃል» አሉና ፀሐይዋን በመስኮት አዩ። በመንገዱም ሁሉ ፀሐይዋን ያዩ ነበር። ስለ ጋብቻቸው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፤ ሌላ ምክር አልሰጡኝም። እኔ ግን ሁለታችንም በአንድ አውቶቡስ ብቻችንን ተቀምጠን ሳለን እርሳቸው ብቻቸውን እንዳልሆኑ አየሁ። የሚጠብቀው ሰው ያለው መንገደኛ ብቻውን አይሄድም።

ከደብረ ጽጌ ከተማ አልፎ ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ ከዋናው ጐዳና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እስከዚያ ድረስ ሜዳ የነበረው አገር በድንገት ይቈረጥና ጥልቅ ገደል ይከፈታል። ከሥሩ የሚወርደው ውሃ ወደ ጀማ፥ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ገዳሙ በገደሉ አፋፍና በወንዙ መካከል ባለው ደረጃ መሳይ ቦታ በዛፍ ተከቦ ይገኛል። ከበላዩ ዓለቱ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከዓለቱም ፏፏቴ ይወርዳል።

ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። መጀመሪያ ስሙ ደብረ አስቦ ነበረ፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ። በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ የጣሊያን ወታደሮች መነኮሳቱንና ለበዓል የመጣውን ሕዝብ ይዘው ላጋ ወልዴ በሚባል ቦታ ፈጁአቸው፤ ዲያቆናቱንም በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ በሚባል ቦታ ገደሉአቸው። ገዳዮቹ ራሳቸው በላኩት ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 129 ዲያቆናት ቈጥረዋል፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን የሟቾቹን ቍጥር ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ዛሬ የሚታየው ባለ ጕልላቱ ቤተ ክርስቲያን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩትና በ1955 ዓ.ም. የተፈጸመው ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ከጉዳዬ ጋራ ስለሚገናኝ ነው። ከፍጅቱ በኋላ ወደዚህ ቦታ የመጣው መነኵሴ ከእርሱ በፊት የነበሩት ምን እንደ ደረሰባቸው ያውቅ ነበር። ይህ ዳግመኛ አይደርስም ብሎ የፈረመለት ሰውም አልነበረም። እርሱ ግን መጣ፥ ቆብ ደፋ፥ ማኅሌቱንም ከተቋረጠበት ቀጠለ። ዋስትና ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህ ደብር ዱር በሆነ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጧት ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ ወጣሁ። ከገዳሙ በላይ ያለው አቀበት ረጅም አይደለም፤ ዳሩ ግን በጾም ለሚወጣው ሰው ያደክማል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጸበል ምእመናን በጠርሙስና በጀሪካን ይቀበላሉ። ጻድቁ በዚህ ዋሻ ሲጸልዩ ብዙ ዘመን ቆመው አንድ እግራቸው ቢሰበር 7 ዓመት በአንድ እግራቸው እንደ ቆሙ በገድላቸው ተጽፏል።

በዚሁ ገድል መጀመሪያ ላይ የአባታቸው የጸጋ ዘአብና የእናታቸው የእግዚእ ኀረያ ታሪክ አለ። ብዙ ዘመን ልጅ አጥተው ይኖሩ ነበር። የዳሞቱ ሞተለሚ አገራቸውን በወረረ ጊዜ እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወሰዳትና ሊያገባት ወደደ። ጸጋ ዘአብም ከገዳዮቹ እጅ በተአምር ዳነ። በኋላ ቅዱስ ሚካኤል እግዚእ ኀረያን ወደ አገሯ መልሷት ባልና ሚስቱ ተገናኙ፤ ተክለ ሃይማኖትም የተወለዱት ከዚህ መለያየት በኋላ ነው ይላል። ይህን ታሪክ በልጅነቴ በዜማ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ያደነቅሁት መልአኩን ነበር። አሁን ግን የማደንቀው ሁለቱን ሰዎች ነው። ከዚያ ሁሉ ጭንቅ በኋላ አንዱ ሌላውን ሲቀበል ካሣ አልተጠያየቁም። ትልቁ የኢትዮጵያ ገዳም የተተከለው እንዲህ ባለው ቤት ፍሬ ነው።

ከዋሻው ስወርድ በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያርፉ አንድ አረጋዊ መነኵሴ አገኘሁና እጅ ነሥቼ መስቀል ተሳለምሁ። ስንነጋገር ቀድሞ አናጢ እንደ ነበሩ፥ ከሚስታቸውም ጋራ በቍርባን እንደ ኖሩ፥ እርሷ ካረፈች በኋላ እንደ መነኰሱ ነገሩኝ። እኔም ከአክብሮት ጋራ «አባቴ፥ ቆብ ከደፉ ወዲህ ተጸጽተው ያውቃሉን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ትናንት ማታ ተጸጽቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ገና ጧት ነው» አሉና ሳቁ። ጥቂት ቆይተውም «ልጄ፥ ስገባ የማላውቀው ብዙ ነበረ። ጕልበቴ እንዲህ እንደሚከዳኝ አላወቅሁም። ስጋባም እንዲሁ ነበርሁ፤ ሚስቴ ቀድማኝ እንደምትሞት አላወቅሁም። ሁሉን አውቄ ልግባ ብል በሁለቱም በር አልገባም ነበር» አሉኝ። ከዚያም በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ የሰዓታት ጸሎት ደርሶባቸው ነበርና።

ያን ማታ በእንግዳ ማረፊያ ተቀምጬ በሶዬን በጥብጬ ስጠጣ ነገሩን በሙያዬ ቋንቋ ማሰብ ጀመርሁ። በፍርድ ቤት በየቀኑ ሁለት ዓይነት ሰው ይቀርባል፤ አንዱ ምስክር ነው፥ ሁለተኛው ዋስ ነው። ምስክር ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ያላየውን ቢናገር ይቀጣል። ዋስ ግን ስላለፈው አይጠየቅም። ባለ ዕዳው ይከፍላል ብሎ ትንቢት አይናገርም። የሚፈርመው «እርሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ነው። ዋስ ስለሚመጣው ነገር ዕውቀት የለውም፤ ያለው ግዴታ ነው።

የሚያመነታ ሰው የሚፈልገው ምስክር ነው። ይህች ሴት እንደማትለወጥ፥ እኔም እንደማልለወጥ፥ ድህነትና ሕመም እንደማይመጣ የሚመሰክርልኝ ማን ነው ይላል። ገና ያልሆነውን ነገር ያየ ሰው የለምና እንዲህ ያለ ምስክር ከሰው ወገን አይገኝም። ዐሥር ዓመት ቢጠብቅም፥ እስከ ኢየሩሳሌም ቢጓዝም አያገኘውም። ጋብቻ የሚጠይቀው ግን ዋስን ነው። በቀድሞው የሰማንያ ውል የሙሽራውና የሙሽሪቱ ዋሶች ከዘመድ ወገን ይጠሩ ነበር። በቍርባን ጊዜ ግን ሌላ ዋስ አይጠራም፤ ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባሏ ራሳቸው ዋስ ይሆናሉ። እንግዲህ ጥያቄው «ነገ ምን ይሆናል?» የሚለው አይደለም፤ «ነገ የሆነው ቢሆን እኔ እከፍላለሁን?» የሚለው ነው። ለፊተኛው ጥያቄ መልስ የለም። ለሁለተኛው ግን ሰው በሦስት ቀን፥ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ነገር ግን ይህን አሳብ ያለ ልክ የሚወስደው ሰው እንዳይኖር ሌላውንም ወገን መናገር ይገባኛል። «በቍርባን ተጋብተናል» የሚለው ቃል ለዱላ መሸፈኛ ሲሆን በመዝገብ ላይ አንብቤአለሁ። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ዋስነቱን አፍርሷልና፥ ተበዳይቱን ታገሺ ብሎ ወደ ዱላው መመለስ ቃል ኪዳንን ማክበር አይደለም። እንዲሁም በቤተ ሰብ ግፊት፥ ወይም ገና 18 ዓመት ሳይሞላት የምትዳር ልጅ ፈቃዷ አልተጠየቀምና ጥርጥሯ ሊሰማ ይገባል። ስለዚህ ጥርጥር ሁሉ ፈተና ነው ብሎ መናቅ አይገባም። አንዳንዱ ጥርጥር «ይህ ሰው ይጐዳኛል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንዳንዱ ግን «መክፈል አልወድም» የሚል ንፍገት ነው። ብቻን መጓዝ ዋና ጥቅሙ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ጸጥታ ማግኘት ነው። የእኔን በመረመርሁት ጊዜ በባለቤቴ ላይ የምፈራው አንድም ነገር እንደሌለ አየሁ። የምፈራው ያን የተከፈለ ከብትና ያልተከፈለ ልጅ ነበረ። ያ ልጅ ግን አሁን ጎልማሳ ነው፤ የሚፈርሰውንም የሚጸናውንም ቤት የሚሠራው እርሱ ራሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከመመለሴ በፊት ወደ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ወረድሁ። ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ያሠሩት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ራስ ዳርጌ እንደ ሆኑ ይነገራል። በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ጥቂት ራቅ ብሎ ወደ ገደሉ ይወረወራል። በአፋፉ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጭ ነበር፤ ሰው ሲቀርባቸውም ብዙ አይሸሹም። ከወዲያ ማዶ አንዲት ባልቴት አህያቸውን እየነዱ ድልድዩን ተሻገሩ፤ ወደ ገደሉም አላዩም፥ ድልድዩንም አልመረመሩም። የዕለት መንገዳቸው ነውና ተሻግረው ሄዱ። እኔም ሰዓቴን አይቼ ወደ አውቶቡሱ ወጣሁ፤ የተቀጠርሁበት ቀን ነበረና።

አንባቢ ሆይ፥ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ብቻህን መንገድ ልትሄድ ብትወድ ይህን አስብ። አስቀድሞ ወዴት እንደምትሄድና በስንተኛው ቀን እንደምትመለስ ለምትጠብቅህ ንገራት፤ የመመለሻው ቀን ካልተነገረ መንገዱ ለአንተ ሱባኤ ቢሆን ለእርሷ ምናኔ ይሆንባታልና። ሁለተኛ፥ ቀኑን አታብዛው፤ ዳኛ እንኳ ለማሰቢያ የሚሰጠው ጊዜ ልክ አለው። ሦስተኛ፥ የሌለችውን ሰው በሌለችበት አትክሰስ። አራተኛ፥ የመጣህበትን መልስ ይዘህ ተመለስ። መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ ፊት ለፊት የተነገረ «አይሆንም» በዝምታ ከሚያልፍ ዓመት ይሻላል፤ ሌላው ሰው ዕድሜውን የሚያውልበትን ያውቅበታልና። ይህም ምክር ለወንድ ብቻ አይደለም፤ ለማሰብ ጊዜ የምትለምን ሴትም ይኸው መብት ሊሰጣት፥ ስንቅም ሊቋጠርላት ይገባል።

የእኔን መልስ ለማወቅ የሚወድ ቢኖር፥ ባለቤቴ የሰማችው በዚያው ማታ ነው። ከነፍስ አባታችን ጋራ ተነጋግረን ንስሓችንን ፈጸምን፤ በተከታዩ የፋሲካ ወራትም የመዓስባን ጸሎት ተደርሶልን አብረን ቈረብን። ልጃችን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከኋላችን ቆማ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስም «ዛሬ ምን ተደረገ?» ብላ ጠየቀች፤ እናቷም «አባትሽ ለእኔ ዋስ ሆነ፥ እኔም ለእርሱ» አለቻት። ልጅቱ ዋስ ምን እንደ ሆነ ገና አልገባትም። ከእኛ አይታ ትማረው ዘንድ ግን ዕዳው በእኛ ላይ ነው።